«ያዝኩ» እስኪለኝ ድረስ

ያን ቀን ጠዋት ወደ ሳንሱሲ በሚወስደን ሚኒባስ ውስጥ ከደግፌ ጎን ተቀምጬ፣ የዛሬው ሥራ የመጨረሻችን መሆኑን እንዴት እንደምነግረው አወጣና አወርድ ነበር። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ዛፍ ቆርጠናል። እኔ እወጣለሁ፣ እሱ ከታች ገመድ ይይዛል። የመጀመሪያ ልጄንም ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። አበልጅን ከሥራ ማሰናበት ከባድ ነው፤ ግን ዛፍ ላይ ሞት አበልጅ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማ ውስጥ ዛፍ ከሥሩ አይገነደስም፣ የሚወድቅበት ቦታ የለማ። ከላይ ጀምሮ በቁራጭ በቁራጭ ይወርዳል። የምቆርጠውን በገመድ አስራለሁ፤ ገመዱ ከበላዬ ባለ ባላ ዞሮ ደግፌ እጅ ይገባል። «ደግፌ!» ብዬ እጠራለሁ። «ያዝኩ!» ይላል። ያን ጊዜ ብቻ መጋዙን አሳርፋለሁ። ያ ቃል ሳይመጣ ከቆረጥኩ ቁራጩ ወይ የሰው ጣራ ይበሳል፣ ወይ ዞሮ እኔኑ ይመታኛል።

ከፋሲካ ወዲህ ታዲያ ቃሉ መዘግየት ጀመረ። እኔ እዚያ ላይ ተንጠልጥዬ ስጮህ እሱ አንጋጦ ያየኛል። ዝም። ከዚያ «ቆይ፣ ገመዱ ተጠላለፈ» ይላል። ወይም «ቆይ፣ ወደ ግራ ዙርና ቁረጥ» ይለኛል። ምን አባቴ ላድርግ፣ እየተሳደብኩ እዞራለሁ። ሰውዬው አረጀ አልኩ። ወይ ጆሮው ወይ ሐሳቡ ሄዷል አልኩ። ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ጆሲ የሚባል ጎበዝ ቆራጭ አገኘሁና ከሰኞ ጀምሮ ገመድ እንዲይዝልኝ ተስማማን። ለደግፌ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

«ምነው ተቁነጠነጥክ?» አለኝ ሚኒባሱ ውስጥ።

«ሰዓት እየሄደ ነዋ!»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ አበልጄ» አለና በመስኮት ማየቱን ቀጠለ።

ይቺ ተረቱ ደግሞ! ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ይቺን ሳይላት አይውልም። ለሥራው እንዲህ ቢፈጥን የት በደረስን።

የወይዘሮ ሰብሌ ባሕር ዛፍ ወደ ሳሎናቸው ጣራ አዘንብሏል። ክረምቱ ሳይገባ ይነሳልኝ ብለው ነው የጠሩን። የመብራት ሠራተኛ በቅርንጫፎቹ መሃል የሚያልፈውን መስመር ፈትቶልን፣ ሰባት ሰዓት ላይ መልሼ እቀጥላለሁ ብሎ ሄዷል። ሰማዩ ከአሁኑ ጠቁሯል። ነፋሱ መጣ መለስ ይላል።

«እባካችሁ ቀስ በሉ፣ ጣራው አምና ነው የታደሰው» አሉ ወይዘሮ ሰብሌ፣ በረንዳቸው ላይ ቆመው።

«አያስቡ እትዬ» አልኳቸውና ወጣሁ።

የመጀመሪያዎቹ አራት ቅርንጫፎች ያለ ችግር ወረዱ። አምስተኛውን ለመቁረጥ አንድ ወፍራም ቅርንጫፍ ማለፍ ነበረብኝ። ወገቤን ከግንዱ ጋር የሚያያይዘውን ቀበቶ ፈትቼ አለፍኩ፣ እግሬን አመቻቸሁ፣ ገመዱን አሰርኩ፣ መጋዙን ሳብኩ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ ገና ግማሹም አልወረደም።

«ደግፌ!»

ዝም።

«ደግፌ!»

አንጋጦ ያየኛል። «ቆይ፣ ወደ ግራ ዙር» አለ።

«ምን አለ በግራ?»

«ብቻ ዙር።»

አልዞርኩም። ከፋሲካ ጀምሮ የታመቀው ሁሉ ገነፈለ። «አልዞርም! ሰልችቶኛል! አንተ ደንቁረሃል፣ አርጅተሃል! ከሰኞ ጀምሮ ጆሲ ነው የሚይዝልኝ፣ ጨርሻለሁ! አሁን ያዝ፣ ልቆርጥ ነው!»

 ወይዘሮ ሰብሌ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እኔም ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ፤ ግን የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መጋዙን ወደ ቅርንጫፉ አስጠጋሁ።

ደግፌ ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠው። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔ ዛፍ ላይ እያለሁ ገመድ ለቅቆ አያውቅም። ሳልፈልግ መጋዙን ከቅርንጫፉ አነሳሁ። እሱ ዓይኑን ከእኔ ሳይነቅል ሁለት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ቀበቶውን እንደሚያጠብቅ ሰው ሳብ ሳብ አደረገ።

ወደ ታች አየሁ።

ቀበቶዬ ወደ ጎን ተንጠልጥሏል። መንጠቆው ጉልበቴ ጋ ይወዛወዛል። በአንድ እጄ መጋዝ፣ በአንድ እጄ ቅርንጫፍ ይዣለሁ፤ በእኔና በአምናው ቆርቆሮ መካከል አየር ብቻ ነው ያለው። ስቆርጥ ደግሞ ልማዴ ነው፣ ቀበቶውን ተማምኜ ወደ ኋላ እለጠጣለሁ።

 መንጠቆውን ለማስገባት ሁለቴ ሞክሬ ጣቴ እምቢ አለኝ፣ በሦስተኛው ገባ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አሉ ወይዘሮ ሰብሌ።

«ምንም አይደል እትዬ» አለ ደግፌ ገመዱን እያነሳ። «ገመዱ ተጠላልፎብኝ ነው።»

አሁን ያዋረድኩት ሰው ነው ይህን ያለው። ግንዱን አቅፌ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ በማይወጣ ድምፅ «ደግፌ» አልኩ።

«ያዝኩ!» አለ፣ ስሙን ሳልጨርሰው።

የመብራት ሠራተኛው ሲመለስ ግንዱ ብቻ ለሰኞ ቀርቶ ነበር። ወርጄ ግንዲላ ላይ ተቀመጥኩ።  ደግፌ ገመዱን ይጠቀልላል።

«ስንት ጊዜ ነው?» አልኩት።

«ከፋሲካ ወዲህ? ከዛሬው ጋር ሰባት።»

«ለምን አትነግረኝም ታዲያ?»

«በሰው ግቢ? ባለቤቱ ቆሞ እየሰማ? ወገቡን ማሰር ረስቷል ብዬ ላውጅብህ? ከዚያ ወዲያ ማን ይጠራሃል?» ገመዱን አጠበቀ። «ዙር ስልህ መንጠቆውን ትፈልጋለህ፣ እንዳልታሰረ ታያለህ፣ ታስራለህ። ይበቃኝ ነበር።»

«ለብቻችን ስንሆንስ?»

«ጠዋት ጠዋት ስነግርህ አልነበር እንዴ?»

ለካ ያቺ ተረት ለእኔ ቀበቶ ነበረች። በጣም አፈርኩ። ሰባት ጊዜ ከሞት የመለሰኝን ሰው ነው ደንቁረሃል ብዬ የጮህኩበት። ይቅርታ በአፍ ብቻ የሚበቃ አልመሰለኝም። ስልኬን አወጣሁ።

«ጆሲ፣ ሰኞ ና» አልኩ። «አይ፣ ገመድ ያዥ አለኝ። የምትወጣው አንተ ነህ። አዎ፣ አንተ። እኔ ከእንግዲህ አልወጣም።»

ደግፌ መጠቅለሉን ተወ። ባሕር ዛፉን አየ፣ እኔን አየ። ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በፊት አብረን የገዛነውን መጋዝም አየ።  መሬት ለመሬት የሚጎተተውን የገመድ ጫፍ አንስቶ ወረወረልኝና፣ እንድጠቀልል በአገጩ አመለከተኝ።

«ያዝኩ» አልኩት።