ባለ ሁለት አፍንጫዋ ግማሽ ዶላር

በእኛ በሳንቲም ሰብሳቢዎች ማኅበር ደህና ሆኖ የተመታ ሳንቲም ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ፊላደልፊያ ሳንቲም ማተሚያ ቤት ውስጥ አንድ ሠራተኛ እንቅልፉን ሳይጨርስ ገብቶ ያበላሸውን የብር ሳንቲም ግን ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምናየው። የገዛ ልጆቻችንን ስህተት ይቅር የማንል ሰዎች ነን እንግዲህ።

ዴልበርት ክሮንሚለር ያለችው አንዲት ግማሽ ዶላር ናት። ማተሚያው ሁለቴ ስለመታት በላይዋ ያለችው እመቤት አፍንጫ ደርባለች። መርማሪ ድርጅት አይቶ፣ ማዕረጓን በቁጥር ጽፎ፣ በፕላስቲክ አሽጎለታል። ክፋቱ፣ የሌላው አባላችን የኦርቪል ሳንቲም በአንድ ቁጥር ትበልጣታለች። ስለዚህ በየዓመቱ በኤግዚቢሽናችን የመሀሉን ጠረጴዛ የሚይዘው ኦርቪል ነው፤ ዴልበርት የሚቀመጠው ከመጸዳጃ ቤቱ በር አጠገብ። ሰው በዚህ ይታመማል ወይ አትበሉኝ፤ ታሟል።

"ዘንድሮም እዚያው ነህ አይደል ዴል?" አለው ኦርቪል ዶናቱን እያላመጠ። "በቃ አፍንጫህን ላስ! ደግሞ ሁለት አለህ።"

ዴልበርት ሆዬ ብዙዎቻችን የምናደርገውን ሊያደርግ ቆረጠ፦ ፕላስቲኩን ሰብሮ ሳንቲሟን እንደ አዲስ መላክ። መርማሪው ያን ቀን ደስ ብሎት ከዋለ አንድ ቁጥር ይጨምራል። ሚስቱ ቨርና እንደነገረችኝ፣ ዕቃ እያጠበች "ተው አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ በመዶሻ?" ብላው ነበር። አልሰማትም። ፕላስቲኩ ተሰበረ፤ መዶሻው ግን እዚያ አላቆመም፣ እመቤቲቱን ፊቷ ላይ አገኛት። ዴልበርት እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቢሆንም ላካት።

መልሱ መጣ፦ "ሦስት ጊዜ የተመታች፤ አቻ ያልተገኘላት።" ማዕረጓም ከኦርቪል ሳንቲም በላይ ሆነ።

በኤግዚቢሽኑ ቀን የምንሰበሰብበት የእሳት አደጋ ጣቢያ አዳራሽ ጢም አለ። ዴልበርት መሀል ጠረጴዛው ላይ ሙሽራ መስሎ ተቀመጠ። ማጉያ መነጽራችንን ይዘን ተሰለፍን። ኦርቪል እንኳ ዓይኑ እንባ አቅርሮ "ሦስተኛው ምት የድሮ እጅ መሆኑ ያስታውቃል!" አለ።

"ኧረ በእግዜር!" ብላ ጮኸች ቨርና። "ባሌ እኮ ነው በመዶሻ የመታት! ወጥ ቤቴ ውስጥ፣ ዓይኔ እያየ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

"ቨርናዬ፣ ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈውን እስቲ አንብቢው" አላት ኦርቪል፣ ለታመመ ሰው በሚናገሩበት ድምፅ። ከዚያ ግን ጥርጣሬ ገባው መሰለኝ፣ ዞሮ "እውነቷን ነው እንዴ ዴል?" አለ።

ዴልበርት ጠረጴዛውን አየ፤ የመጸዳጃ ቤቱን በር አየ፤ ሚስቱን አየ። እውነቱን እንዲናገር በልቤ ለመንኩት።

"ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ ስታጥብ ነበር" አለ። "ምን አይታ ነው?"

ቨርና ኮቷን ለበሰች፣ የመኪናውን ቁልፍ አንስታ ወጣች። ሊያስቆማት ከጠረጴዛው መነሳት ነበረበት፤ አልተነሳም።