በስሜ የሄደችው

"ሁለት ወር ብቻ" ነበር የተባለው። 2011 ዓ.ም. ነው፤ አስራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከበርሚንግሃም ጅጅጋ እንደገባን እናቴ ፓስፖርቴን ለእህቷ ለሀሊሞ ሰጥታ፣ እኔን ትታ ተመለሰች። ነገሩ ስም አለው፤ "ዳቀን ዔሊስ" ይሉታል፤ ሶማሌነቷ የላላባትን ልጅ ዘመድ ዘንድ አስቀምጦ ማረም። የእኔ ጥፋት ሂጃቤን አውልቄ ኳስ መጫወቴ ነው። ተናደድኩ። ካልፈለጋችሁኝ አልመጣም ብዬ አኮረፍኩ፤ ፓስፖርቴንም አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም።

በርሚንግሃም ሳለሁ "ትክክለኛ ሀገርሽ የት ነው?" የሚለኝ ሰው ደሜን ያፈላው ነበር። እዚህ ደግሞ የማስተምርበት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር አቶ ዘነበ፣ ወላጅ በመጣ ቁጥር "እንግሊዛዊቷን መምህርታችንን ተዋወቁ" ይላሉ። ለይምሰል አፍራለሁ እንጂ ደስ ይለኛል። የእንግሊዙን ዝናብም፣ ተራ መጠበቁንም፣ ሰው ሲረግጠኝ እኔው ይቅርታ መጠየቄንም የራሴ ብዬ ይዤ ኖሬያለሁ።

ባለፈው ወር እናቴ ታመመች፤ ብዙም አትቆይም አሉ። ኩርፊያዬ በአንዴ ጠፋ። በባጃጅ በርሬ ሀሊሞ ቤት ደረስኩ።

"ሀበርያር፣ ፓስፖርቴን ስጪኝ። ጊዜው ቢያልፍም አሳድሰዋለሁ።"

ሀበርያር የምላት አክስቴ የግመል ወተት እያጣራች ነበር። ቀና አላለችም።

"የለም" አለች። "ዴቃ ሄደችበት።"

ዴቃ ልጇ ናት፤ እኩያዬ። መንታ ናችሁ ወይ ይሉን ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ዱባይ ሥራ አገኘች ተብሎ ሸኝተናታል፤ አልቅሼላታለሁ።

"በእኔ ስም?"

"አንቺ እዚያው የተወለድሽ ነሽ፤ በፈለግሽ ጊዜ ሌላ ይሰጡሻል ብለን ነው። እናትሽም ታውቃለች።"

ሀሊሞ እጇን ጠርጋ ለዴቃ በቪዲዮ ደወለችላት። ዴቃ በርሚንግሃም፣ ሆስፒታል ውስጥ የእናቴን እግር እያሸች ነበር። ስታየኝ ፊቷ አመድ መሰለ። አፏን ሳትከፍት ነርሷ ገባች።

"ሆዳን፣ እናትሽ መድኃኒቷን ወሰደች?" አለቻት በእንግሊዝኛ፣ በእኔ ስም ጠርታ።

"ወስዳለች" አለች ዴቃ። የሰፈሬን አነጋገር ሳይቀር ይዛዋለች።

ለኤምባሲው ብናገር ስሜ ይመለስልኛል። ግን ዴቃን ከአልጋው አጠገብ ያስነሷታል። ወረቀቴ እስኪጣራ እኔ አልደርስም፤ እናቴም ብቻዋን ትሞታለች። እናቴን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች፤ እጇ የዴቃን ቀሚስ ጨብጧል።

ነርሷ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ "ይቺስ ማናት?" አለች።

ዴቃ ማልቀስ ጀመረች። እኔ ቀደምኳት።

"የአክስቷ ልጅ ነኝ። ዴቃ እባላለሁ። ከኢትዮጵያ ነው የምደውለው።"

"እንግሊዝኛሽ በጣም ጥሩ ነው" አለችኝ ነርሷ። "የት ተማርሽው?"