አካፋ ይዞ የመጣ ዱዓ

የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሰው ዘይኑልአቢዲንን የቀበሌው ቤት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርጎ ሲመርጠው፣ ጣራ ሲያፈስና ግድግዳ ሲያዘምም ይደርስልናል ብሎ ነው። እሱም ከሰፈሩ በላይ ያለው ቦይ በድንጋይና በጭቃ መደፈኑን አይቶ አላስችል አለው። አንድ ኃይለኛ ዝናብ ከጣለ ጎርፉ ሰተት ብሎ የሚገባው እትዬ ዐሊማ ቤት ነው። ባልቴቷ ደግሞ ጉልበታቸው ተይዞ ከመደብ አይወርዱም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የዓርቡን ዘመቻ ለቦዩ ስጠን» አለ በቀበሌው ስብሰባ ላይ።

«ዓርብ ኖራ ቅብ ነው» አለ ሊቀመንበሩ ደምመላሽ። «ለአብዮቱ በዓል እንግዳ ይመጣል። የመንገድ ዳሩ አጥር ነጭ መሆን አለበት።»

«እንግዳው የሚመጣው አጥር ሊልስ ነው?»

ሰው ሳቀ። ደምመላሽ ፊቱ ጠቆረ። «አራተኛ ክፍልን ያልጨረሰ ሰው እኔን ያስተምር?»

ይችን ስድብ ዘይኑልአቢዲን ያውቃታል። በልጅነቱ የነጋዴ ልጆች፣ ሲጎለምስ የቢሮ ጸሐፊዎች ወርውረውበታል። አላህ ይይላቸው! ደሙ እንደፈላ ወጥቶ በየበሩ ዞረ።

«ዓርብ ጧት እትዬ ዐሊማ ደጅ ዱዓ አለ። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ።»

«ዱዓ በአካፋ ከመቼ ወዲህ ነው?» አለች ጎረቤቱ ሐዋ።

«ኖራ ከጎርፍ ከበለጠ ወዲህ!»

ዓርብ ኖራው ሰው አጣ። የሰፈሩ ሼህ፣ ሼህ ሱሩር፣ ቦዩ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሰፈርተኛው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ «አሚን!» እያለ ይዝቃል። ደምመላሽ ጥበቃዎቹን አስከትሎ መጣ።

«ይህን ስብሰባ ማን ፈቀደ? ተበተኑ!»

«ዱዓ እኮ ነው ልጄ፤ አሚን በል» አሉት ሼሁ።

ዱዓ ሳይዘጋ የሚነሳ ሰው የለም። ደምመላሽ ዘይኑልአቢዲንን ብቻ አስይዞ ወሰደው። ሼሁም ቦዩ ተጠርጎ እስኪያልቅ ዱዓውን አልዘጉትም።

ከሰዓት ሰማዩ ተቀደደ። ዘይኑልአቢዲን በቀበሌው እስር ቤት ሆኖ የጎርፉን ጩኸት ሲሰማ በሩን ደበደበ።

«እትዬ ዐሊማ ቤት ገባ?»

«አልገባም፣ በቦዩ ወረደ» አለ ጥበቃው። «ደሞስ አንተ ምን አገባህ? ተሽረሃል።»

«ማን ሻረኝ? ሲመርጡኝ እናንተን አስፈቅደው ነው?» አለና በሩን በእርግጫ ነረተው።