የጎሚስታዋ ጥያቄ

ማሽኑ ሁለት ጊዜ ጮኸና ቀጥ አለ። የማደንዘዣ መርፌ ተወግታ አልጋው ላይ የተኛችው ጎሚስታ አንገቷን ቀና አደረገች።

"ምን ሆነ?"

"ግፊቱን አልያዘም" አለች ዶክተሯ። "ሙቀቱን ከለከለን።"

ሌላ ሴት ብትሆን ነፍሷ በወጣች ነበር። እሷ ግን ደስ አላት። ሁለት ዓመት ሙሉ የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር አሥር ቀን እየፈሰሰ፣ ጎማ ልታነሳ ጎንበስ ስትል ዓይኗ እየጨለመባት፣ ሱቋን ከምትከፍትበት ቀን የምትዘጋበት በዝቶ ነበር። ከማህፀኗ የተወሰደው ናሙና ደህና መሆኑ ሲታወቅ ዶክተሯ "የውስጥ ሽፋኑን በሙቀት እናከስመዋለን፤ ከእንግዲህ ግን መውለድ የለም" አለቻት። "ሦስቱ ልጆቼም በዝተውብኛል" ብላ ተስማማች። ታላቅ እህቷ ግን "አንጀትሽን ጠብሰው ሊልኩሽ ነው!" ብላ ቤቱን አተራመሰችው።

ጎሚስታዋም ፍርሃቱ ተጋባባትና ባለፈው ሳምንት ተመልሳ መጥታ ዶክተሯን ጠየቀቻት።

"እኔ የጎማ ካላማዳሪ የምለጥፈው ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ በየት በኩል እንደሚተነፍስ አይቼ ነው። እናንተስ ዝም ብላችሁ ነው የምታሞቁት?"

ዶክተሯ ከት ብላ ሳቀች። "እኛም መጀመሪያ ማህፀኑ ውስጥ ጥቂት ጋዝ እንነፋለን። ግፊቱ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ማሽኑ አይሞቅም።"

ይኸው ዛሬ ማሽኑ ቃሉን ጠበቀ።

"አንዴ እንደገና እንሞክራለን" አለች ዶክተሯ። "አሁንም ካልያዘ ለዛሬ ይቅር፤ በካሜራ እናየዋለን።"

"አይቸኩሉ፣ ዶክተር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ አይደለም፤ ቫልቩ ነው።"

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ ተመለከተች። "አንቺ ሴትዮ፣ ሥራዬን ልትወስጂብኝ ነው? እውነትም በማህፀን በር በኩል ነው የሚያፈሰው።"

መሣሪያውን አጥብቃ አስተካከለችው። ጋዙ ገባ፣ ግፊቱ ቆመ፣ አረንጓዴው መብራት በራ። ሙቀቱ ያመጣው ቁርጠት ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። "አለቀ" ሲሏት ተኝታ ባይሆን ኖሮ ጮቤ በረገጠች ነበር።

ከሁለት ሰዓት ዕረፍት በኋላ በእግሯ ወጣች። እህቷ ከአግዳሚው ወንበር ዘላ ተነሳች።

"አለሽ?"

"አለሁ እንጂ! አንጀቴም አለ፣ ቁጠሪው ከፈለግሽ።"

እህቷ አልሳቀችም። ግራ ቀኝ አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እውነት መጀመሪያ ይፈትሻሉ?"

ጎሚስታዋ ፊቷን ትክ ብላ አየችው። መገርጣቱን እስከ ዛሬ አላስተዋለችም ነበር።

"እትዬ፣ አንቺም?"

"ደሙ ከጀመረኝ ዓመት አለፈኝ" አለች እህቷ። "አፈርኩ። ፈራሁም።"

ስንት ቀን እንቅልፍ የነሳቻት ይህቺው እህቷ ነበረች፤ ልትቆጣት ብትችልም አንጀቷ አልቻለም። ጎሚስታዋን ሊወስድ የመጣው ባሏ ታክሲ አስቁሞ በር ላይ ይጠብቃል። "ትንሽ ይቁም" ብላ የእህቷን እጅ ያዘችና ወደ ካርድ ክፍሉ መስኮት ወሰደቻት።

"ለእህቴ ካርድ አውጡልን፤ ለምርመራ ነው።"

ጸሐፊዋ ስም ጠየቀች። ጎሚስታዋ አፏን ልትከፍት ስትል እህቷ ቀደመቻት፤ ስሟን እስከ አያቷ፣ ሳታንሾካሽክ ተናገረች።