ለካቶሊኩ ቤት የተጠራ ቅሬ

ከሚሴ ውስጥ ካቶሊክ ማን ቀረ ብትሉ፣ እኔ አማከለች ብቻ ነኝ። ጣልያን ያሠራት ቤተ ክርስቲያን አስፋልቱ ዳር አለች። እንደ አገራችን ደብር ክብ አይደለችም፤ እንደ መጋዘን ረዘም ያለች፣ ግድግዳዋ የቦርከና ድንጋይ፣ በግራና በቀኝ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባት ናት። የበሯን ቅስት የጠረበው ባለቤቴ እንየው ነው። እሱም ከጓሮዋ ተቀብሯል። ከጣልያን በኋላ ምእመኑ አንዱ ሞተ፣ አንዱ አስመራ ሄደ፣ አንዱ ወደ ቀድሞ ደብሩ ተመለሰ። እኔስ ወዴት ልሂድ? እሁድ እሁድ እጠርጋለሁ፣ ደወሉን እደውላለሁ፣ ከፊተኛው ወንበር ብቻዬን እቀመጣለሁ። ራሴ ደውዬ ራሴ መምጣቴ ያናድደኛል።

የታኅሣሡ ግርግር ባለፈ በክረምቱ፣ ከደሴ የሚመላለሱት አባ፣ «ለአንድ ሰው ቤት አይከፈትም። በመጪው እሁድ ሰው ካላየሁ እዘጋዋለሁ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። የእንየውን በር ማን አባቱ ነው የሚዘጋው! በቀጥታ ቅሬ የምንለው የእድራችን ጠሪ ወደ ሆነው ወደ አያ ዓብዱ ሄድኩ።

«ለእሁድ ጠዋት ሰው ጥራልኝ፤ ካቶሊኩ ቤት ይምጡልኝ» አልኩት። ፊቴን አየና ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ዓብዱ የሚጠራው ለሞት ብቻ መሆኑን እኔም በንዴቴ ረስቼዋለሁ።

እሁድ ደወሉን ስደውል፣ ወይ ጉድ! እስላሙም ክርስቲያኑም ጎረፈ። ጫማ አይወለቅም ብላቸው ማን ሰምቶኝ! እስላሞቹ ደጅ ቆመው ነበር፣ ዝናቡ ሲወርድ እነሱም ገቡ። ወንበሩ ሁሉ ሞላ። ደስታዬን አልችለው አልኩ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ማዘቅዘቃቸውን እንኳ ልብ አላልኩም። ጎረቤቴ ሀጀራ ንፍሮዋን አስቀምጣ አንገቴን አቀፈችና «አብሽሪ እህቴ» ብላ ስታለቅስ ነው የገባኝ።

አባ ከበሩ ደርሰው «ማን ሞተ?» አሉ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ማንም አልሞተም» ማለት ነበረብኝ፤ አፌ እምቢ አለኝ። «እሷ ናት አባ» ብዬ ቅስቱን አሳየኋቸው። «የምትሞተው ዛሬ ነው።»

ኋላ ዓብዱ ጉሮሮውን ጠርጎ «እንግዲህ አንዴ መጥተናል» አለ። አባ እያዘኑ ቆለፉት፤ «ሰው እንጂ ምእመን የለም» አሉ። ቅሬው ግን ለቅሶ ሊቀመጥ ቤቴ ገባ፤ እስከ ሣልስቱ አልተለየኝም። እንየው ከሞተ ወዲህ ቤቴ እንዲያ ሞልቶ አያውቅም።

ከዚያ ሁሉም ወደ እርሻው ሄደ። የደወሉ ገመድ ውስጥ ስለተቆለፈበት፣ እሁድ እሁድ ደጃፏን ብቻ እጠርጋለሁ። ዓብዱ ሲያልፍ «አማከለች፣ ሰው ልጥራልሽ?» እያለ ይቀልድብኛል።

«አሁንስ ተወው» እለዋለሁ። «የኔ ዕለት ግን አደራ፣ ሰው እንዳታሳንስብኝ።»