ያላለቀው የአብዱልሰላም ጌም

ደቡብ ሱዳን በተገነጠለች በሦስተኛው ዓመት፣ ኡስታዛ አሚና የሚባሉ ጡረተኛ የኦምዱርማን አስተማሪ አንድ የጌም ካሴት ይዘው ካርቱም ሁለት በተባለው ሰፈር ወዳለው የፋናዬ ሱቅ መጡ። ፋናዬ በልጅነቷ ከስደተኛ አባቷ ጋር ሱዳን የገባች፣ ቴሌቪዥንና ስልክ የምትጠግን ሴት ናት። ካሴቱ ክዳን የለውም፤ ውስጡ ያለው ቺፕ ይታያል።

«የወንድሜ የአብዱልሰላም ነው» አሉ ኡስታዛ። «ለንደን ጌም ይሠራ ነበር። ኩባንያው ሥራውን መሃል ላይ ሰረዘበት፤ እሱም ይህን የመጀመሪያ ሙከራ ይዞ አገሩ ገባ። አንድ ቀን እንኳ አላሳየኝም። አምና ሞተ።»

«አላህ የርሐሙ፣ ነፍሱን ይማር» አለች ፋናዬ።

እንዲህ ያለው ቺፕ ብርሃን ካገኘው የያዘው ሁሉ ይጠፋል። የዚህኛው መሸፈኛ ወረቀት ተልጦ ነበር። ፋናዬ በጥቁር ፕላስተር ሸፈነችው፤ ከዚያ በፊት ግን ውስጡን ወደ ኮምፒውተሯ ቀዳችው።

«ኢንተርኔት ላይ ልቀቂው» አላት አብሯት የሚሠራው ስለሺ። «ለገበያ ያልወጣ ጌም የሚያሳድዱ ሰዎች አሉ።»

«መጀመሪያ ኡስታዛን ልጠይቅ።»

በማግስቱ ፋናዬ ካሴቱን ሰካችውና ኡስታዛ ሱቁ ውስጥ ካለው አሮጌ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጡ። ጥምጣም ያሰረ ትንሽ ሰውዬ ከጣሪያ ጣሪያ ይዘላል።

«ይሄ እኮ ቤታችን ነው!» አሉ። «ያ ደግሞ የእናቴ አልጋ፣ ግቢው ውስጥ!»

የጌሙ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ሲደርስ መሬቱ ገና አልተሠራም ነበር። ሰውዬው ጨለማ ውስጥ ወደቀ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግሞ ወደቀ።

ፋናዬ የስለሺን ሐሳብ ነገረቻቸው። ኡስታዛ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ያላለቀ ነገር ለሰው ማሳየት ያፍር ነበር። የቀዳሽውንም አጥፊው።»

«ቺፑ አርጅቷል፣ ኡስታዛ። አንድ ቀን ባዶ ይሆናል።»

«ኸላስ፣ በቃ አጥፊው።»

እያዩ አጠፋችው። ስለሺ እያጉረመረመ ለምሳ ወጣ። እሷም ቅር ብሏት ነበር፤ ቢሆንም ስልክ መፍታት ጀመረች።

ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ኡስታዛ ደወሉ። ካሴቱን ሲሰኩት ቴሌቪዥኑ ጥቁር ብቻ ነው የሚያሳየው።

«ምናልባት አንቺ ጋ ተርፎ…»

«የለም፣ ኡስታዛ። አጥፍቼዋለሁ።»

«ልክ ነሽ፣ እኔው ነኝ ያልኩሽ» አሉ ኡስታዛ። ከዚያ ጠየቁ፣ «ጌሙ ላይ የቤታችንን በር ምን ቀለም ነበር የቀባው?»

ፋናዬ ለማስታወስ ሞከረች።

«ሰማያዊ» አለች። እርግጠኛ አልነበረችም።