ኪስ ውስጥ የገባ ጡሩምባ

…አፑ ሰርዝ የሚል ቁልፍ የለውም፣ ሰርዝ እንዴት ይረሳል፣ ለቀለሙ ስንት ወር ሲጨቃጨቁ፣ ሐዘን ግራጫ ነው፣ የለም ሐምራዊ ነው፣ እየተባባሉ ጠረጴዛ ሲደበድቡ፣ ሰርዝ ግን የለም፣ ኢዩኤል የፒያሳውን ቢሮ ደረጃ እየዘለለ ይወርዳል፣ ልቡ ቀድሞት ምኒልክ አደባባይ ደርሷል፣ ፈረሱ ላይ ተፈናጦ ኧረ በሕግ እያለ ነው።

ጋሽ ገብረትንሣኤ ናቸው አሁን የደወሉለት፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ ልጄ ያንን ነገር መልሰው፣ የቱን ጋሼ፣ የሞቱን ነዋ፣ ዓምደሚካኤል ጅቡቲ መንገድ ላይ ተሳቢው ተገልብጦበት አርፏል፣ ነገ ጎህ ሲቀድ እናቱን እናረዳለን፣ ሰው እንዲሰበሰብ ብዬ ባንተ አፕ ጻፍኩ፣ ላክ የሚለውን ተጫንኩ፣ ከተጫንኩ በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፣ አባይነሽም አባል ናት እኮ።

አባይነሽም አባል ናት። እናትየው።

ኤዶም፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ስልኩን ታነሳለች፣ የሄደ ሄደ ኢዩ፣ አይመለስም፣ ደግሞ ፍጥነት ፍጥነት ስትል የነበርከው አንተ ነህ። አዎ፣ እሱ ነው። ፕሮዳክት ማናጀሩ እሱ፣ ምን ይሠራ፣ ለማን ይሠራ፣ ምን ይቅር የሚለው እሱ፣ ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን፣ ጡሩምባ ነፊው የማን በር የት እንደሄደ ሲጠፋበት፣ እድሩን ስልክ ውስጥ እናስገባው ያለው እሱ፣ ስብሰባ ላይ ቆሞ፣ ወገኖቼ ጥያቄው አንድ ነው፣ ተጠቃሚው ማነው፣ ብሎ የተንጎራደደው እሱ። ተጨበጨበለት፣ ጭብጨባው እንጦጦን ዞሮ መጣ። ሐዘንተኛውስ ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ነፍስ አልነበረም።

ደግሞ ያውቃል እኮ! አንጀቱን የሚበላው ይሄ ነው። ጡት ሳይጥል የሚያውቀው ነገር ነው፣ መርዶ እስኪነገር ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ጋቢው ውስጥ ደብቆ በየበሩ በሹክሹክታ ይዞራል፣ የሐዘንተኛው ደጅ ሲደርስ በጣቱ ይራመዳል፣ ድመቷ እንኳ ዞር አትልም፣ ሰው መርዶውን ቤቱ ሆኖ ነው የሚሰማው፣ ሽማግሌ በግራ ሽማግሌ በቀኝ፣ ልውደቅ ሲል የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ። ይሄን ሁሉ ያውቃል። ቢሮ ሲገባ ግን እንደ ጭቃ ጫማ በር ላይ አውልቆት ገባ።

ጊዮርጊስ። በሩ ጋ እትዬ አባይነሽ ጧፋቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ አላለቀሱም፣ ተመስገን፣ አላዩትም ማለት ነው፣ ስልኩ ጧፉ መሃል ተጋድሟል።

አንተ የወርቅአፈራሁ ልጅ! ሰርቀህ ነው ተሰርቀህ እንዲህ የምትሮጠው? ና እስቲ፣ ይሄ ስልክ የእድሩን ጡሩምባ ነፋብኝ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ፣ ማን አርፎ ነው የኔ ጌታ፣ አንብብልኝ።

ጡሩምባውም የሱ ሐሳብ ነው፣ ትልልቅ ሰዎች ድምፁን እንዲለዩት ብሎ የድሮውን አስቀርፆ አስገባው፣ ባያስገባው ቴሌ ነው፣ ጥቅል ግዙ ይላል፣ ብሎ ይገላገል ነበር፣ አሁን ግን ሰው መሞት አለበት፣ የግድ። ስልኩን ይቀበላል፣ ዓምደሚካኤል የሚል ተጽፎበታል፣ ጎላ ብሎ፣ ፊደሉን አተልቁት ያለው ማን ሆነና፣ ማንን ይግደል፣ ጎረቤት ቢገድል በየት በኩል አለቀሰ፣ የሰው ነፍስ በከንቱ እንዴት ይጠራል፣ ካልቀረ የራስን ነው እንጂ—

አባቴ፣ ይላል አፉ።

አፉ ነው ያለው፣ እሱ የለበትም። አባቱ፣ ኮት ሰፊው፣ ይሄኔ ማኪያቶው ቀዝቅዟል ብለው አስተናጋጅ እያስለቀሱ ነው።

ወይኔ ወርቄ! እትዬ አባይነሽ ተነሥተው አንገቱ ላይ ይጠመጠማሉ፣ ጧፍ ጧፍ ይሸታሉ፣ ወይኔ ልጄን፣ በኔ እጅ! እኔው አስነብቤ! ሰው ያለቀ ይመስል በስልክ? ምን ዓይነት አረመኔ ነው ሰው በስልክ የሚያረዳ?

አረመኔው ትከሻቸው ላይ እያለቀሰ ነው፣ የውነት ነው የሚያለቅሰው፣ ለማን እንደሆነ ይጥፋው እንጂ።

ና፣ ቤት ገብቼ ጥቁሬን ልልበስና ይዤህ እሄዳለሁ፣ ብቻህንማ አትሄዳትም፣ እኔ እያለሁ? ክንዱን ቆልፈው ወደ አፍንጮ በር ይጎትቱታል፣ ስልካቸው ኪሱ ውስጥ ቀርቷል፣ ይነፋል፣ አንድ አባል ነፍስ ይማር ባለ ቁጥር እንዲነፋ ያዘዘው ራሱ ነው፣ ሰው ይሳተፍ ብሎ፣ ደግሞ ይነፋል፣ ድምፁን ለማጥፋት ቁልፉን ይጫናል፣ አይጠፋም፣ ሞት እንዳያመልጥ ብሎ እንዳይጠፋ ያደረገው ማነው፣ ደግሞ፣ ደግሞ፣ ፒያሳ በሞላ፣ ባቡሩ ሳይቀር፣ ቆሞ ኪሱን የሚያዳምጠው ይመስለዋል።

ትሰማለህ፣ ይላሉ እትዬ አባይነሽ፣ ሕዝቡ እንዴት እንዳዘነለት፣ የተወደደ ሰው ነበራ። የኔ ዓምዴ የመጀመሪያ ሱሪውን ማን የሰፋለት መሰለህ፣ ወርቄ አይደል፣ ከመንገድ ሲገባ በባዶ ሆዱ አልነግረውም፣ ይብላ፣ ጋደም ይበል፣ ያኔ ቀስ ብዬ፣ እጁን ይዤ።

እጁን ይዘው። ኢዩኤል ይናገር፣ አይናገር፣ መወሰን እኮ እንጀራው ነው፣ የሚወሰን ነገር ግን ፈልጎ ያጣል፣ እግሩ ብቻ ይሄዳል፣ እሳቸው አይዞህ ይሉታል፣ እሱ አይዞህን ይውጣል።

ቅያሱ ጋ ሽማግሌዎቹ ቆመዋል፣ ነገ ያሉት ዛሬ ሆኖባቸው፣ ጋቢያቸውን እንኳ በቅጡ ሳይለብሱ፣ ጋሽ ገብረትንሣኤ ከፊት፣ ከጎናቸው ኮቱን እስከ አንገቱ የቆለፈ ሰው፣ ቀጥ ያለ፣ በሕይወት ያለ፣

አባቱ።

እትዬ አባይነሽ ይቆማሉ። ወርቄን ያያሉ፣ ሽማግሌዎቹን ያያሉ፣ ደጃቸውን ያያሉ፣ ልጄ፣ አባትህ ያውና፣ ታዲያ ማን…

የቆለፈው ክንድ ይላላል፣ አሁን ያዡ እሱ ነው፣ በግራ አባቱ እየመጡ ነው፣ በቀኝ እሱ አለ፣ አጥብቆ ይይዛል፣ የቀረው ይሄ ብቻ ነው፣ መያዝ፣ አለመልቀቅ፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ይነፋል፣